አራተኛ የወጣው ዘበኛ

ፊልሙ ሲጀምር ወጣቶችን የጫነች መኪና በአየርላንድ ገጠር መንገድ ላይ ትከንፋለች። ሙዚቃው ጣሪያ ነክቷል። መንገድ ዳር በቆመ የፖሊስ መኪና ውስጥ አንድ ወፈር ያለ ሳጅን ተቀምጧል። ልጆቹ አልፈውት ይሄዳሉ፤ እሱ ንቅንቅ አይልም። ትንሽ ቆይቶ የግጭት ድምፅ ይሰማል። ሳጅኑ ተነስቶ መንገዱ ላይ ወደተዘረሩት ልጆች ይሄዳል፣ የአንዱን ኪስ ይፈትሻል፣ አደንዛዥ ዕፅ ያገኛል። ከዚያ ከውስጡ አንዷን ምላሱ ላይ ጣል ያደርግና ቀኑ እንዴት እንደሚያምር ይናገራል።

ይሄ ሰውዬ እንግዲህ የፊልሙ ጥሩ ሰው ነው።

ፊልሙ «ዘ ጋርድ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የወንጀል ኮሜዲ ሲሆን፣ ጆን ማይክል ማክዶናህ ራሱ ጽፎ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ነው። በአየርላንድ ሲኒማ ቤቶች በሀገሪቱ የኢንዲፔንደንት ፊልሞች ታሪክ ትልቁን ገቢ አስገብቶ ነበር። መሪ ተዋናዩ ብሬንዳን ግሊሰንም ለጎልደን ግሎብ ታጭቶበታል። ከአየርላንድ ወጣ ስትሉ ግን ነገሩ ይለያል። የአየርላንድ የወንጀል ኮሜዲ ሲባል ሰው ሁሉ የሚጠራው የታናሽ ወንድሙን የማርቲን ማክዶናህን «ኢን ብሩዥ» ነው። ከማውቃቸው ፊልም ወዳጆች ውስጥ «ዘ ጋርድ»ን ያየ ሁለት ሰው አልሞላልኝም። ስለዚህ ልጻፍለት አልኩ። ስለሚያስቅ ብቻ አይደለም፤ እየሳቅኩ አንድ ጥያቄ ጥሎብኝ ሄዷል። ጥያቄው ይሄ ነው፦ አንድ ሰው ጥሩ ሰው መሆኑን በምን እናውቃለን? (ከዚህ በታች ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናገራለሁ። ሳላየው አልሰማም የምትሉ አይታችሁ ተመለሱ።)

ከርዕሱ ልጀምር። በአየርላንድ ፖሊስ «ጋርዳ» ነው የሚባለው። የተቋሙ ሙሉ ስም በአይሪሽ ቋንቋ የሰላም ጠባቂዎች እንደማለት ነው። ርዕሱ ወደኛ ቢመጣ እንግዲህ «ዘበኛው» ይሆናል። በአማርኛ ደግሞ ይሄ ቃል ሁለት ፊት አለው። አንዱ ክቡር ዘበኛ ነው፤ ማዕረግ ያለው፣ የንጉሥ ጠባቂ። ሌላው ካፖርቱን ደርቦ በር ላይ የሚያድር፣ ስሙን ሳንጠይቅ ዓመት የምናልፈው ሰው ነው። ሳጅን ጄሪ ቦይል ከሁለቱ የትኛው ነው? ፊልሙ ሆን ብሎ አይነግራችሁም።

ታሪኩ ቀላል ነው። ቦታው ምዕራብ አየርላንድ፣ ጎልዌይ፣ ኮነማራ የሚባል አካባቢ ነው። ባሕር፣ ድንጋይ፣ ደመና። ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ያወጣል የተባለ ኮኬይን በጀልባ ሊገባ ነው። ኤፍቢአይ ዌንደል ኤቨሬት የሚባል ሰው ይልካል፤ ዶን ቺድል ነው የሚጫወተው። ኤቨሬት ጥቁር ነው፣ የተማረ ነው፣ ከተመቸው ቤተሰብ የወጣ ነው፣ ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። በፖሊሶች ስብሰባ ፊት ቆሞ ስለሚፈለጉት አዘዋዋሪዎች ሲያስረዳ ቦይል ጣልቃ ይገባና፣ እኔ ዕፅ የሚነግዱት ጥቁሮች ብቻ ይመስሉኝ ነበር ይላል። ቤቱ ድርቅ ይላል። አለቃው ሲቆጣው ደግሞ፣ አየርላንዳዊ ነኝ፣ ዘረኝነት ባህሌ ነው ብሎ አረፈው።

እኔ እዚህ ጋ ስቄያለሁ። አዲስ አበባ ስውል ጥቁር መሆኔ ትዝ ሳይለኝ ይመሻል። አውሮፓ ካለው የሥራ ቡድናችን ጋር በቪዲዮ ስሰበሰብ ግን አንዳንዴ ትዝ ይለኛል። እና ይሄን ቀልድ ለሚያውቅ ሰው ሳቁ ነፃ አይደለም፤ ሒሳቡን ማወራረድ ይፈልጋል። ምን ላይ ነው የሳቅኩት?

መልሴ የኤቨሬት ፊት ላይ ነው ያለው። ዶን ቺድል አይጮህም፣ አይሰበርም። ቦይልን ልክ ሰነዱ ውስጥ ያልተጻፈ ኤረር እንዳገጠመው ኢንጂነር ያየዋል። ይሄ ነገር ብልሽት ነው ወይስ ሆን ተብሎ የተሠራ? በኋላ ላይ አውጥቶ ይናገረዋል፤ ደደብ ሁን ብልጥ መለየት አልቻልኩም ዓይነት ነገር ይለዋል። ቀልዱ የቆመው እዚህ አለመቻል ላይ ነው። የጥቁርነቱን ነገር ብቻ ነጥላችሁ ብትወስዱት አይስቅም፤ ያስጠላል። ኤቨሬት ቤት ለቤት እየዞረ ምስክር ሲፈልግ የአካባቢው ሰው በአይሪሽ እየመለሰ ሲያባርረው ደግሞ ቀልዱ ይገለበጣል። ማንም አልሰደበውም። ማንም ግን አላናገረውም። ቀኑን ሙሉ ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ቦይል የሰደበበት ያ ስብሰባ ላይ አንድ ሌላ ነገርም ተከስቷል። ኤቨሬት የአራት ተፈላጊዎችን ፎቶ ሲያሳይ፣ ከአራቱ አንዱ ሞቶ ሬሳው እነሱ ጋ እንዳለ የተናገረው ቦይል ነው። ሥነ ሥርዓት ይዞ ከተቀመጠው ሁሉ መረጃ የነበረው ባለጌው ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ምክንያቱም አንድ ወጥመድ አለ። «አፉ ነው እንጂ ልቡ ንጹሕ ነው» የሚባል ነገር አለ አይደል? እያንዳንዳችን እንዲህ የሚባልለት አንድ አጎት አለን። ሲሳደብ ይኖራል፣ ሲሞት «ግልጽ ሰው ነበር» ይባልለታል። ፊልሙ ይሄን እያለ ቢሆን ኖሮ አልወደውም ነበር። ስድብ ስድብ ነው። ደግ ሥራ እንደ ተመላሽ ገንዘብ ሆኖ ስድብን ከሒሳብ ላይ አይሰርዝም።

ፊልሙ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያደርገው። ዙሪያውን እዩ። ሦስቱ ወንጀለኞች መኪና ውስጥ ሆነው ስለ ፈላስፎች ይከራከራሉ፤ ኒቼ ምን አለ፣ በርትራንድ ራስል የየት ሀገር ሰው ነው እያሉ። ያነበቡ ናቸው። ማርክ ስትሮንግ የሚጫወተው እንግሊዛዊ እንደውም ሥራው የሚያገናኘው ሰው ጥራት ስለወረደ ከልቡ የተሰላቸ ነው። ፖሊሶቹ ደግሞ ሁሉም ዓይነት አላቸው፤ ጨዋም አለ፣ ባለጌም አለ፤ ፖስታውን ሁሉም ተቀብለዋል። ስለዚህ ፊልሙ ጨዋ ሌባ ነው፣ ባለጌ ታማኝ ነው አይልም። የሚለው ከዚህ የከፋ ነው። ጠባይ ምንም አይነግራችሁም ነው የሚለው። ዕውቀትም አይነግራችሁም። በምታዩት ነገር ሁሉ መለየት አትችሉም።

ቦይል ራሱ ምን ዓይነት ሰው ነው? በእረፍት ቀኑ ከዱብሊን የመጡ ሁለት ሴተኛ አዳሪዎችን የፖሊስ ልብስ አልብሶ ይዝናናል፤ ኤቨሬት እርዳኝ ሲለው ዛሬ ዕረፍቴ ነው ብሎ እምቢ ይላል። የተደበቀ የአይአርኤ የጦር መሣሪያ ሲገኝ ለባለቤቶቹ ደውሎ ያስረክብና የተወሰነውን ለራሱ ያስቀራል። የሞቱ ልጆች ኪስ ሲገባ አይተነዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወንጀለኞቹ ይመጡበታል። መጀመሪያ ከሴቶቹ ጋር የተነሳው ፎቶ አለ ብለው ያስፈራሩታል። ቀጥለው እንደሌሎቹ ገንዘቡን ተቀብሎ ዘወር እንዲል ያግባቡታል። እምቢ አለ። ንግግር የለም። «እኔ የሕግ ሰው ነኝ» የለም። ሰላጣ አልፈልግም የሚል ሰው በሚያሳየው ስሜት እምቢ አለ።

እዚህ ጋ የሀገራችንን ተረት ማምጣት ግድ ይላል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»። ይሄን ተረት የሌባ መፈክር አድርጎ ማየት ቀላል ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ግን የፍርሃት ተረት ነው። ሹመት አጭር መሆኑን ያውቃል፣ ከወረድክ በኋላ ማንም እንደማያውቅህ ያውቃል፣ የልጅህን የትምህርት ቤት ክፍያ ሀቅህ እንደማይከፍል ያውቃል። ፖስታውን የተቀበሉት የኮነማራ ፖሊሶችም ጭራቅ አይደሉም። ትንሽ ደሞዝ፣ ትንሽ ከተማ፣ ሁሉም እየወሰደ ነው። ተረቱ ትልቅ ጉልበት ያለው ሁሉም ሲበላ አለመብላት ጅልነት ስለሚመስል ነው።

ታዲያ እምቢ የሚለው ሰው ምን አግኝቶ ነው?

ይሄ ጥያቄ በጣም አሮጌ ነው። በፕላቶ «ሪፐብሊክ» ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥ ግላውኮን የሚባል ወጣት ሶቅራጥስን ያፋጥጠዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የቀለበቱን ታሪክ ነው፤ ሰውን የማይታይ የሚያደርግ ቀለበት ብናገኝ ማን ከመስረቅ ይቆጠባል የሚለውን። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ለእኔ የበለጠ ከባድ ነው። ግላውኮን እንዲህ ዓይነት ነገር ይላል። ፍትሐዊ ሰውን በእውነት ልንመዝን ከፈለግን ስሙን እንግፈፈው። ፍትሐዊ ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ በዳይ ነው ብሎ ይመነው። ክብር አያግኝ፣ ምስጋና አያግኝ። አለበለዚያ ፍትሕን ወዶ ይሁን ጭብጨባውን ወዶ እንዴት እናውቃለን?

እንደ ዴቨሎፐር ሳየው ግላውኮን የጠየቀው ንጹሕ ቴስት ነው። አንድ ነገር በምን ምክንያት እንደሚሠራ ማወቅ ከፈለግክ ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ ታጠፋቸዋለህ። ሁሉም ጠፍቶ አሁንም ከሠራ፣ የሚያሠራው የቀረው ነገር ነው።

ጄሪ ቦይል ግላውኮን የሳለው ፍጹም ሰው አይደለም፤ ያማ ጉድለቱን ዘርዝረናል። ግን በዚያች በአንዷ ነገር፣ በፖስታው ጉዳይ፣ ፊልሙ ቴስቱን ሙሉ ለሙሉ ያካሂዳል። ስም የለውም። ዛሬ ገንዘቡን ተቀበለ ቢባል ማንም አይገረምም፤ አልተቀበለም ቢባልም የሚያምን የለም። ታማኝ በመሆኑ የሚያገኘው ዝና የለም፣ ታማኝ ባይሆን የሚያጣው ስም የለም። እምቢታው ብቻውን ቀረ።

ፊልሙ ኮሜዲ መሆን የነበረበትም ለዚህ ይመስለኛል። ይሄንኑ ታሪክ ኮስተር ያለ ፊልም አድርጋችሁ አስቡት። ጀግናው ገንዘቡን ይገፋል፣ ካሜራው ፊቱን ያቀርባል፣ ቫዮሊኑ ከፍ ይላል። በፊልሙ ዓለም ውስጥ ማንም ባያየው እኛ አየነው፤ እኛ አጨበጨብንለት። ሙዚቃው ምስክር ሆነለት። ስሙን ገፍፈን በአንድ እጅ ከወሰድንበት በኋላ በሌላው እጅ መልሰን ሰጠነው ማለት ነው። ኮሜዲው ይሄን ይከለክለናል። ቦይል እምቢ ሲል እየሳቅን ስለሆነ ለማክበር ጊዜ የለንም። ያደረገውን የምንረዳው ቆይተን ነው።

ከፊልሙ ወጣ ብዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ተማሪ ሆኜ ልምምድ የወጣሁበት አንድ ድርጅት ለአንድ መሥሪያ ቤት ሲስተም ሠርቶ ያስረክብ ነበር። የርክክብ ቅጹ ላይ የሁሉም ክፍል ፊርማ ያስፈልጋል። ሲስተሙ አላለቀም፤ ሪፖርት ስታወጣ ድምሩ አንዳንዴ ይዛባል። ገንዘቡ ግን ከበጀት ዓመቱ መዝጊያ በፊት መከፈል አለበት። ሁሉም ፈረመ። ከፈራሚዎቹ አንዱ እኔን ሥራ ያስተማረኝ ሰው ነው። ማኪያቶ ይጋብዘኛል፣ ስህተቴን ሰው ፊት አያወጣም፣ «አይዞህ» ከአፉ አይጠፋም። ያልፈረመው አንድ ቴስተር ብቻ ነበር። ይሄ ሰውዬ የክፍለ ሀገር ልጅነቴን በአነጋገሬ አውቆ በየቀኑ ይቀልድብኛል፤ ሲያወራ እያስመሰለኝ ሰው ያስቃል። አልወደውም ነበር፣ አሁንም አልወደውም። ቅጹን ገፋ አደረገና «ድምሩ ሲስተካከል አምጡልኝ» ብሎ ምሳ ሄደ። ክፍያው ዘገየ፣ ሁሉም በሱ ተነጫነጨ፣ ማንም አላመሰገነውም። ሲመለስ ደግሞ እኔን አይቶ ያንኑ የተለመደውን ቀልዱን ቀጠለ።

ከሁለቱ ጥሩ ሰው ማን ነው? ቸኩዬ መመለስ አልፈልግም። ያስተማረኝ ሰው ለእኔ ያደረገው ነገር እውነት ነው፤ ፊርማው ያንን አይሰርዘውም። ቴስተሩም የቀለደብኝ እውነት ነው፤ አለመፈረሙ ያንን አይሰርዘውም። ግን የዚያ መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ ብሆን፣ ስሜ ከተዛባው ድምር ውስጥ ቢኖር፣ በር ላይ ማን እንዲቆምልኝ እንደምፈልግ አውቃለሁ። ጓደኛ መምረጥና ዘበኛ መምረጥ ለየቅል ናቸው። እኛ ሁለቱን በአንድ ኢንተርቪው ልንቀጥር እንሞክራለን፤ በፈገግታ።

እዚህ ላይ ሁለት ጠንካራ መቃወሚያዎች ይነሳሉ።

የመጀመሪያው፣ ቦይል የሚያጣው ነገር የለውም የሚለው ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ያለችው እናቱ ናት፤ እሷም የመጨረሻ ጊዜዋ ላይ ነች፣ በፊልሙ መሃል ትሞታለች። እንዲህ ላለ ሰው ታማኝነት ርካሽ ነው፤ አራት ልጅ ያለው ይሞክረው ይባላል። እውነት አለበት። ግን ተገልብጦም ይነበባል። ከእናቱ ጋር ያሉትን ትዕይንቶች ተመልከቱ፤ ሁለቱም አያለቅሱም፣ እየተቀላለዱ ነው የሚሰነባበቱት፣ ሙዚቃ እንድትሰማ ወደ መጠጥ ቤት ይወስዳታል። የሚያጣው የሌለው ሰው እንዲህ አይሆንም። ደግሞም ቀላል ምርጫ ከፊቱ ነበር፤ ዝም ብሎ ቤቱ መቀመጥ። የሚያጣው የለም ያልነው ሰው የቀረችውን ነፍሱን ይዞ ወደብ ወረደ።

ሁለተኛው ይከብዳል። ለምን እምቢ እንዳለ አናውቅም። ምናልባት ግትርነት ነው። ምናልባት የተገደለው ወጣት ባልደረባው ነገር ነው፤ ባልደረባው አዲስ የመጣ ልጅ ነበር፣ ሲያላግጥበት ነው የከረመው። ምናልባት ስለደበረው ብቻ ነው። ይሄ ለእኔ ጥቁር ሳጥን ነው፤ የሚገባውና የሚወጣው ይታያል፣ ውስጡ አይከፈትም። ግን የማንን ሳጥን ነው ከፍተን የምናውቀው? ጨዋውን ሰው አምነን የምንቀበለው ውስጡን አይተን አይደለም፤ መልኩ ስለተመቸን ነው። ፊልሙ የሚጠይቀን ባለጌውን እንድናምን አይደለም። መልክን እንደ ማስረጃ መቁጠር እንድናቆም ነው። የሚቀረው ማስረጃ አንድ ነው፤ ሰውዬው ሲከፈለውም ሲያስፈልገውም ያላደረገው ነገር። እሱ ደግሞ በባሕርዩ አይታይም። ያልተፈጸመ ነገር ሎግ ላይ አይመዘገብም።

አሁን ወደ መጨረሻው። ቦይል በፊልሙ ውስጥ ደጋግሞ የሚያወራው ወሬ አለ። በ1988ቱ የሴኡል ኦሎምፒክ በዋና ተወዳድሬ አራተኛ ወጥቻለሁ ይላል። ኤቨሬት አያምንም፤ እኛም አናምንም። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ወደብ ይወርዳሉ፤ ተኩስ ይከፈታል፤ ቦይል ያለበት ጀልባ ይፈነዳል። በማግስቱ ኤቨሬት ባሕሩን እያየ ቆሟል። አንድ የሰፈር ልጅ አጠገቡ ይመጣና፣ ሳጅኑ እኮ ጎበዝ ዋናተኛ ነበር፣ ኦሎምፒክ አራተኛ ወጥቷል ይለዋል። መዝገብ አገላብጦ ማየት ቀላል መሆኑም እዚያው ይነሳል። ኤቨሬት ፈገግ ይላል። ሞተ ወይስ ዋኝቶ አመለጠ? ፊልሙ እዚያው ላይ ያልቃል።

ስለ አራተኝነት ሳስብ ነው የሰነበትኩት። የሚዋሽ ሰው ወርቅ ይላል፤ ቢያንስ ነሐስ ይላል። አራተኛ ማለት ሜዳሊያ የሌለው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር የሌለው፣ ግን ከዓለም ሦስት ሰው ብቻ የሚቀድመው ማለት ነው። እውነት ከሆነ ታላቅ ነገር ነው፤ ማሳያ ግን የለውም። ውሸት ከሆነ ደግሞ በጣም የታሰበበት ውሸት ነው። እንደ ሰውዬው ራሱ፤ ደደብ ይሁን ብልጥ አይለይም።

ሴኡል 1988 ለእኛም የራሷ ነገር አላት። ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያና ከኩባ ጋር ሆና ያልሄደችበት ኦሎምፒክ ነው። በዚያው ዓመት አፕሪል ላይ በላይነህ ዲንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ ክብረ ወሰኑም እስከ 1998 ቆይቷል። ሴኡል ላይ ግን የመሮጥ ዕድሉ አልነበረውም። የሴኡልን የማራቶን ውጤት ብትከፍቱ ስሙ የለም፤ አራተኛም አምስተኛም አይደለም። ያን ዓመት ከሰው ሁሉ ፈጣኑ እሱ መሆኑ ግን አይለወጥም።

መዝገብ ብዙ ነገር ይነግረናል፤ እኔም እንጀራዬ መዝገብ ማንበብ ነው። ብዙ መዝገብ ስታነቡ ግን የሆነ ነገር ይገባችኋል። መዝገቡ ላይ ያለው የተመዘገበው ብቻ ነው። ያልተፈረመ ፊርማ፣ ያልተነሳ ፖስታ፣ ያልተሮጠ ሩጫ ዓምድ የላቸውም።

ፊልሙን እዩት። ሰብታይትል አድርጉበት፤ የኮነማራ እንግሊዝኛ ቀልድ አይደለም። ስትስቁ ደግሞ ምን ላይ እንደሳቃችሁ ቆይታችሁ አስቡት፤ እኔ እንደሆንኩ ገና እያሰብኩ ነው።